በፎቶ የልጆች መጽሐፍ እንዴት ይዘጋጃል?

ሠዓሊ አላገኘንም ብላችሁ የልጆች መጽሐፍ ማዘጋጀቱን አትተዉት። ደህና ካሜራ ያለው ሞባይል ይበቃችኋል። እንዲያውም ለትንንሽ ልጆች ፎቶ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ልጅቷ የሰፈሯን ሰው፣ የቤቷን ረከቦት እንዳለ ታየዋለች። የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች መጽሐፍ ገልጠው «ይሄ የኛ ነው!» እንዲሉ ስለምፈልግ ነው ይሄን የምጽፈው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ምረጡና ከመነሻው እስከ መድረሻው ተከተሉት። «ወሎ» ብላችሁ አትጀምሩ፣ በጣም ይሰፋል። ጀበናን እንውሰድ። ጭቃው ይቦካል፣ ሸክላ ሠሪዋ ታበጀዋለች፣ ጀበናዋ ትደርቃለች፣ ትተኮሳለች፣ ሰኞ ባቲ ገበያ ትወጣለች፣ ከዚያ ደሴ ገብታ ቡና ይፈላባታል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ታሪኩ ራሱ መስመር ያዘ። 12 ፎቶ ይበቃዋል።

ሳታስፈቅዱ ሰው አታንሱ። ልጅ ከሆነ ወላጁን ጠይቁ። ገበያ ላይ «እማማ፣ ለልጆች መጽሐፍ ነው፣ ላንሳዎት?» በሉ፣ ካነሳችሁ በኋላም ፎቶውን አሳዩአቸው።

አስቸጋሪው ብርሃን ነው። ባቲ ቆላ ናት፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ አናት ላይ ስለሚወርድ ከግንባር በታች ጥላ ይጥላል፣ ዓይን አይታይም። ጠዋት ማልዳችሁ ሂዱ፣ ካልሆነ ሰውየውን ጥላ ውስጥ አስገቡት። ደሴ ላይ ግን ጉም ወረደ ብላችሁ ሞባይሉን ኪስ አትክተቱ። የጦሳን ተራራ የሚሸፍነው ጉም ፀሐዩን ስለሚያለሰልሰው ፊት ያለ ጥላ፣ ጥርት ብሎ ይወጣል። ለሰው ፎቶ ከዚያ የተሻለ ብርሃን የለም።

ሌላው ነጩ ነጠላ ነው። ቡና የምታፈላዋ ሴት ነጠላ ለብሳ ከሆነ ሞባይሉ ነጩን አይቶ «ብርሃን በዝቷል» ይልና ፎቶውን ያጨልመዋል፣ ፊቷ ይጠቁርባችኋል። ስክሪኑ ላይ ፊቷን በጣታችሁ ንኩት፣ የፀሐይ ምልክት ሲመጣ ትንሽ ወደ ላይ ግፉት። ነጠላው ጥለቱ እስኪጠፋ ድረስ ከነጣ አብዝታችኋል፣ መልሱት። ፍላሽ አትጠቀሙ፣ የጀበናዋን ወዝ ያበላሸዋል። ቤቱ ከጨለመ ሴትየዋን በሩ አጠገብ አስቀምጧት።

ለልጅ በልጅ ቁመት አንሱ፣ ማለትም ተንበርከኩ። አንድ ፎቶ ላይ አንድ ነገር ይታይ። ከኋላ ያለውን ጄሪካንና ፌስታል ቀድማችሁ ዞር አድርጉት። ዙም አታድርጉ፣ ተጠጉ።

ጽሑፉ በገጽ ከ2 ዓረፍተ ነገር አይብለጥ። ፎቶው የነገረውን አትድገሙት። ጭሱ እየታየ «ጭስ አለ» ከማለት «እፍፍ! ዓይኔን!» ማለት ይሻላል። የፊደሉ መጠን ከ20 ነጥብ (ፖይንት) አይነስ፣ ምክንያቱም ልጅ «ቡ»ን ከ«ቢ» የምትለየው በዚያች ትንሽ ቅጥያ ነው። ፎቶው ላይ አትጻፉ፣ ከሥሩ ነጭ ቦታ ተዉለት።

ፎቶዎቹን በቴሌግራም ከላካችሁ እንደ ፋይል ላኩ። እንደ ፎቶ ከሄዱ ይጨመቃሉ፣ ስክሪን ላይ ያማሩት ወረቀት ላይ ይደበዝዛሉ። ኤ5 (የኤ4 ግማሽ) ገጽን ለሚሞላ ፎቶ 1748 በ2480 ፒክስል ያስፈልጋል።

4 የኤ4 ወረቀት በሁለቱም በኩል ታትሞ ለሁለት ሲታጠፍ 16 ገጽ ይሆናል። 2 ለሽፋን፣ 1 ለርዕስ፣ 1 ለምስጋና፣ የቀረው 12 ለፎቶ። ገጾቹን በፒዲኤፍ አድርጋችሁ ስታሳትሙ «ቡክሌት» የሚለውን ምረጡ፣ ገጾቹን እሱ ያሰልፋቸዋል። ወረቀቱ በአጭሩ ጠርዝ እንዲገለበጥ ለአታሚዎቹ ንገሯቸው፣ አለዚያ ጀርባው ተዘቅዝቆ ይወጣል። መጀመሪያ 1 ቅጂ ብቻ አውጡ። ፎቶ ወረቀት ላይ ከስክሪኑ ጨለም ይላል፣ ከጨለመባችሁ ሁሉንም ትንሽ አብርታችሁ እንደገና አሳትሙ።

ስቴፕለር አልወድም። ተራው መሀሉ ላይ አይደርስም፣ ሽቦውም የሕፃን ጣት ይወጋል። እጥፋቱ ላይ በወስፌ 3 ቀዳዳ ብሱና በወፍራም ክር ስፉት። በመሀለኛው ቀዳዳ ከውስጥ ጀምሩ፣ ቋጠሮውንም እዚያው ውስጥ እሰሩ።