ቋሚው ከሥሩ የማይበሰብስ የእድር መጋዘን አሠራር

በአራት ኪሎና በፒያሳ መካከል ባለው ሰፈራችን የእድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት የሚቀመጥበት፣ በባሕር ዛፍ ቋሚዎች ላይ የቆመው መጋዘን ጥቂት ክረምቶችን ብቻ አሳልፎ አዘመመ። ስናፈርሰው ወራጁም ማገሩም ደህና ነበር። ተቀብሮ የቆየው የቋሚዎቹ ጫፍ እንኳ ጠንካራ ሆኖ ተገኘ፤ የመሬቱን ገጽ በሚነካው ቦታ ግን፣ ከላይም ከታችም አንድ አንድ ስንዝር ያህል፣ እንጨቱ በቢላዋ ጫፍ ሲነካ ይፈረፈር ነበር። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ ውሃም አየርም ይፈልጋል፤ ሁለቱን እንደ ልብ የሚያገኘው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን መጋዘን ስንሠራ እንጨቱ ከነጭራሹ አፈር እንዳይነካ አደረግን።

ከሁሉ በፊት የግንባታ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። በመሀል ከተማ ነባር ሰፈሮች የውሃ ቧንቧና የኤሌክትሪክ ኬብል ብዙም ሳይጠልቅ ተቀብሮ ሊገኝ ስለሚችል፣ መስመሩን ሳያጣሩ ዲጂኖ ማንሣት አደገኛ ነው። ቁፋሮው በጥቅምት ቢጀመር ጉድጓዱ ውሃ አይቋጥርም፤ ሥራውም ክረምት ሳይገባ ያልቃል።

ለ6 በ9 ሜትር መጋዘን በረጃጅሞቹ ጎኖች በየ3 ሜትሩ አራት አራት፣ በአጫጭሮቹ ጎኖች መካከል ደግሞ አንድ አንድ፣ በድምሩ 10 ቋሚ እንጠቀማለን። ከችካል ወደ ችካል ሲባጎ ወጥሮ ከማዕዘን ማዕዘን ያሉትን ሁለት ሰያፍ ርቀቶች መለካት ነው፤ ሁለቱም 10.82 ሜትር ከሆኑ ልኩ አልተዛነፈም።

ጥቁሩ የዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያረፈውንም ነገር አብሮ ያነሣል፣ ይጥላል። ጉድጓዱ ከ1.2 ሜትር ያላነሰ ሆኖ ዋልካውን አልፎ ጠንካራ መሬት እስኪያገኝ ይቆፈራል፤ ዋልካው ከዚያም በታች ከቀጠለ መሐንዲስ ማማከር ግድ ነው። በጉድጓዱ ውስጥ 40 በ40 ሴንቲሜትር የሆነ፣ አራት ባለ 12 ሚሊሜትር ፌሮ ያለው የአርማታ እግር ይሞላል፤ አናቱም ከመሬት 20 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል። ከፌሮው ጋር የተበየዱ ሁለት ወፍራም ጠፍጣፋ ብረቶች ትይዩ ሆነው ከአርማታው ይወጣሉ፤ ቋሚው በመካከላቸው ገብቶ በብሎን ይታሰራል። በእንጨቱ ጫፍና በአርማታው መካከል ሁለት ጣት የምታህል ክፍተት መተው አለባት፤ አናጺዎች ይህችን ክፍተት እንደ ጉድለት ቆጥረው በሲሚንቶ ሊደፍኗት ይሞክራሉ፣ ፈጽሞ መፍቀድ አይገባም፤ እንጨቱ ከታች ውሃ እንዳይስብ የምትጠብቀው እርሷ ናት። የተቆረጠው ጫፍ በሬንጅ ይቀባል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀቡ ብዙ ናቸው፤ ዘይቱ ግን ወደ ውስጥ እምብዛም አይዘልቅም፣ አፈሩንም ይበክላል።

ቋሚ ሲመረጥ ቅርፊቱ ተልጦ በጥላ የደረቀ፣ ቀጭኑ ጫፍ እንኳ ከ14 ሴንቲሜትር የማያንስ ባሕር ዛፍ ይሁን። በመሬት ያልተቀበረ ቋሚ በራሱ ጸንቶ ስለማይቆም፣ በሁሉም ማዕዘኖች ሰያፍ ድጋፍ ሊኖረው ይገባል፤ ይህን መዝለል ቤቱን ለመጀመሪያው ብርቱ ነፋስ አሳልፎ መስጠት ነው። ወራጁም በሚስማር ብቻ ሳይሆን በብሎን ከቋሚው ጋር ይታሰር፤ ነፋስ ጣሪያን የሚጥለው ወደ ላይ ፈንቅሎ ነውና።

ቆርቆሮ ሲገዛ የጌጁ ቁጥር በጨመረ መጠን ውፍረቱ እንደሚቀንስ ማስታወስ ይጠቅማል፤ በረዶ ለሚወርድበት ከተማችን ከ35 ይልቅ 28 ይመረጣል። የጣሪያው አናት ከግድግዳው ጫፍ ቢያንስ 80 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል። ሚስማሩ ባለ ጎማ ሆኖ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ አይመታም። ክፈፉ 60 ሴንቲሜትር ወጣ ብሎ አሸንዳ ከተገጠመለት ዝናቡ ከቋሚዎቹ እግር ርቆ ይወርዳል።

የመጀመሪያው በጋ ሲያልፍ እንጨቱ ስለሚኮማተር ብሎኖቹ ይላላሉ፤ በግንቦት መጨረሻ መፍቻ ይዞ እያንዳንዱን ቋሚ እየዞሩ ማጥበቅ ያስፈልጋል።