የትኛው ቀበሌ መንገድ ይቅደም? ለወረዳ ባለሙያዎች

በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር መንገድ ፕሮግራም (ዩራፕ የሚባለው) ቀበሌዎችን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ያለመ ነበር። የወረዳ በጀት ግን ሁሉንም ባንዴ አያደርስም፤ ቅደም ተከተል ማውጣት ግድ ነው።

ካሁን በፊት ከተሠራው መንገድ ግራና ቀኝ 2 ኪ.ሜ. ለኩና ከዚያ ውጭ የሚኖረውን ሕዝብ ቁጠሩ። ቁጥሩን ለሚሠራው ኪሎ ሜትር አካፍሉ። 6,000 ሰው ያለው ቀበሌ 12 ኪ.ሜ. ከፈለገ በኪሎ ሜትር 500 ሰው ነው፤ 4,000 ሰው ያለው 5 ኪ.ሜ. ብቻ ከፈለገ 800። ሁለተኛው ይቀድማል። ይህ ስሌት ሩቁን ቀበሌ ሁሌም ወደ ኋላ ስለሚገፋ፣ ወላድን ከጤና ጣቢያ የሚቆርጥ ወንዝ ካለ መንገዱ ሳይደርስ መሻገሪያውን ብቻ ሥሩለት።

በመንገዱ የሚጓዘውን ሰውና ጭነት ለማወቅ፣ መኪና በማይገባበት ቦታ መኪና መቁጠር ትርፉ ዜሮ ነው። አህያውን፣ ሸክሙን፣ እግረኛውን ቁጠሩ፤ 7 ቀን፣ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት፣ የገበያው ቀን ለብቻው ተመዝግቦ። አንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ግድም ስለሚይዝ፣ 50 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ የ100 አህያ ጉዞ ይተካል።

አይሱዙው ባዶውን የሚመለስ ከሆነ ግን ሾፌሩ የደርሶ መልስ ያስከፍላል። ስለዚህ ጭነቱ በአንድ ቀን አንድ ቦታ ላይ እንዲሰበሰብ ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጋር ተነጋገሩ። ከሥራው በፊት የእህሉን ዋጋ በቀበሌውና በከተማው መዝግቡ። ከዓመት በኋላ ልዩነቱ ካልጠበበ ችግሩ አስፋልትም ጠጠርም አይደለም፤ ገዢው ወይም መኪናው አንድ ብቻ ሆኖ ይሆናል።

ገንዘብ ሲያንስ የጠጠሩን ርዝመት አሳጥሩ እንጂ ቦዩንና ውኃ ከመንገዱ ሥር የሚያሳልፈውን ቱቦ አትንኩ። መንገድ የሚገድለው ውኃ ነው። ጠጠሩ ተጠቅጥቆ ከ15 እስከ 20 ሴ.ሜ. ይሁን፤ መሃሉ 3 ሜትር ርቆ ካለው ጠርዝ በ15 ሴ.ሜ. ከፍ ይበል። አፉ 60 ሴ.ሜ. ስፋት ያለውን ቱቦ ደለል ቶሎ ይደፍነዋል፤ 90 ቢሆን ሰው ገብቶ ይጠርገዋል። መረሬ አፈር ክረምት አብጦ በጋ ስለሚሰነጠቅ፣ በሌላ አፈር ሳይተካ ወይም ሳይሸፈን ጠጠር አታፍስሱበት።

በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ለጥገና እንጂ ለአዲስ ግንባታ አይደለም፤ የጥገናውን ዕቅድ ከመንገዱ ጋር አብራችሁ አስገቡ። ቦይና ቱቦ በግንቦት ይጠረግ። ግሬደር (የመንገዱን ገጽ ፍቆ የሚያስተካክለው ማሽን) የሚገባው መስከረም ላይ፣ እርጥበቱ ሳይጠፋ ነው፤ መጋቢት ላይ ደረቁን ከፋቁት ጠጠሩ አቧራ ሆኖ ይነሣል።