ትልቅ ቁጥርን ወደ ብቸኛ አካፋዮቹ እንዴት እንበትናለን?

አንድ ትልቅ ሙሉ ቁጥር ጠባዩ የሚገለጠው በብቸኛ (ፕራይም) ቁጥሮች፣ ማለትም ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ በሌላቸው ከ1 የሚበልጡ ቁጥሮች፣ ብዜት ሲጻፍ ነው። ስንት አካፋይ እንዳለው፣ የአካፋዮቹ ድምር፣ ዳግም ርቢ (የአንድ ሙሉ ቁጥር በራሱ ብዜት) መሆን አለመሆኑ፣ ሁሉም ከዚያ በኋላ የደቂቃ ሥራ ነው። 987,654,321ን ይዘን እንሥራ። ወረቀት፣ እርሳስና የስልክ ካልኩሌተር ይበቃሉ።

1. በትንንሾቹ ይጀምሩ። መጨረሻው 1 ስለሆነ ለ2ም ለ5ም አይካፈልም። የአሃዞቹ ድምር 45 ነው፤ 45 ለ9 ስለሚካፈል ቁጥሩም ይካፈላል፣ ድርሻው 109,739,369። የዚህኛው አሃዞች ድምር 47 ስለሆነ 3 ከእንግዲህ አያካፍልም።

2. 7ን፣ 11ንና 13ን በአንድ ስሌት ይፈትሹ። ቁጥሩን ከቀኝ ጀምሮ ሦስት ሦስት አሃዝ ይቁረጡና መቀነስና መደመርን ያፈራርቁ፦ 369 − 739 + 109 = −261። 261 ለ7 ሲካፈል 2፣ ለ11 ሲካፈል 8፣ ለ13 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ ሦስቱም ወደቁ ማለት ነው። ይህ ውብ ዘዴ የሚሠራው 7 × 11 × 13 = 1001 በመሆኑ ነው፤ 1000 ከ1001 በአንድ ስለሚያንስ እንደ −1 ይቆጠራል።

3. ቀጣዩ 17 ነው፤ 109,739,369 ÷ 17 = 6,455,257። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቶሎ ብሎ ወደ 19 ያልፋል። አንዴ ያካፈለ ቁጥር ደግሞ ሊያካፍል ስለሚችል እንደገና ይሞክሩት፦ 6,455,257 ÷ 17 = 379,721። በሦስተኛው ሙከራ 9 ይተርፋል፤ አሁን ይለፉ።

4. ማቆሚያውን ይወስኑ። የ379,721 ዳግም ዘር (በራሱ ሲባዛ 379,721 የሚሰጠው ቁጥር) 616.2 ገደማ ነው። ቁጥሩ ብቸኛ ካልሆነ ቢያንስ አንዱ ብቸኛ አካፋዩ ከዚህ ማነስ አለበት። ስለዚህ የሚቀሩት ከ19 እስከ 613 ያሉት 105 ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። የመነሻውን ቁጥር ዳግም ዘር (31,427 ገደማ) የያዘ ሰው ግን ከ3,000 በላይ ቁጥሮችን በከንቱ ይሞክራል። ከ105ቱ አንድም አያካፍልም፤ 379,721 ራሱ ብቸኛ ነው።

ውጤቱ 3² × 17² × 379,721 ነው። መልሰው ያባዙ፦ 9 × 289 = 2,601፤ 2,601 × 379,721 = 987,654,321።

5. ጠባዮቹን ያንብቡ። በእያንዳንዱ ርቢ (ብቸኛው ቁጥር ስንት ጊዜ እንደተባዛ በሚያሳየው ቁጥር፤ እዚህ 2፣ 2ና 1) ላይ 1 ጨምረው ያባዙ፦ 3 × 3 × 2 = 18 አካፋዮች። ድምራቸው (1+3+9) × (1+17+289) × (1+379,721) = 1,515,470,502። ከዚህ ላይ ቁጥሩ ራሱ ሲቀነስ 527,816,181 ይቀራል፤ ከቁጥሩ ስለሚያንስ ጎደሎ ከሚባሉት ቁጥሮች ይመደባል። የ379,721 ርቢ 1፣ ማለትም ኢ-ተጋማሽ፣ ስለሆነ ዳግም ርቢ አይደለም።

ከ15 አሃዝ ለሚበልጥ ቁጥር ኤክሴልን አይመኑ፤ ከ15ኛው በኋላ ያሉትን አሃዞች ወደ 0 ይቀይራቸዋል። የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተን ሙሉ ቁጥርን በማንኛውም ርዝመት ሳያዛባ ይይዛል፤ ሆኖም መካፈሉን ሲፈትሹ ቀሪውን በ«%» ይጠይቁ እንጂ በ«/» አያካፍሉ፤ «/» መልሱን ወደ ነጥብ ቁጥር ለውጦ ያጠጋጋዋል።