ውጭ አገር ሰው ለጥምቀት ስታዘጋጁ እኔ የሰራኋቸውን ስህተቶች አትድገሙ

እኛ አገር ሚሲዮናዊ ሲባል ሰው ቶሎ የሚታየው ፈረንጅ ነው። አንኮበር ላይ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ የመጣው ጀርመናዊው ክራፕፍ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1839 ገብቶ በ1842 የወጣው። አሁን ነገሩ ተገልብጦ ሚሲዮናዊው የኛ ልጅ ሆኗል። ደብረ ብርሃን ሰንበት ትምህርት ቤት አብረውኝ ያደጉ ልጆች ለትምህርትም ለስራም ይወጡና እዚያ ያለችው ቤተክርስቲያን ሲደርሱ ካህኑ አንድ፣ አስተማሪ የለም፣ "አንተ ቋንቋ ትችላለህ፣ ይሄን ሰውዬ ለጥምቀት አዘጋጅልን" ይባላሉ፣ ከዚያ ማታ በቴሌግራም እኔ ጋ ይደወላል። እኔ ጀርመን ስድስት አመት ስኖር ይሄን ስሰራ ነበር፣ ብዙውን አበላሽቼ ነው የተማርኩት፣ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ከመደጋገም አንዴ ልጻፈው።

መጀመሪያ የምንሳሳተው ባህላችንን እምነት አስመስለን ማስተማር ነው። አንድ ተማሪ ነበረኝ፣ ሶስት ሳምንት ሙሉ ነጠላ አለባበስ፣ ጫማ የት እንደሚወለቅ፣ ለካህን መስቀል እንዴት እንደሚሳለም፣ "እግዚአብሔር ይመስገን" እንዴት እንደሚባል ሳስተምረው ከርሜ፣ ልጁም ጎበዝ ነው፣ እንጀራውን በሽሮ ሲጠቀልል ብታዩት የመንዝ ልጅ ነው የምትሉት። ቀሲስ ጠርተው "ሥላሴ ማለት ምን ማለት ነው?" ሲሉት ወደኔ ዞረ። እኔ ደግሞ ወደ ጣሪያው። ያኔ ነው ገና ምንም እንዳላስተማርኩ የገባኝ። አምስቱ አዕማደ ምሥጢር ለምን ተቀመጡልን፣ ሥላሴ፣ ሥጋዌ፣ ጥምቀት፣ ቁርባን፣ ትንሣኤ ሙታን፣ በዚሁ ቅደም ተከተል ሂዱ በቃ። ነጠላው ይደርሳል፣ እሱን ራሳቸው እናቶች ያስተካክሉለታል (ሳትጠይቋቸውም)።

ሁለተኛው ችኮላ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ችኮላው አብዛኛውን ጊዜ ከሰርግ ይመጣል። ልጅቷ የኛ ናት፣ እጮኛዋ ፈረንጅ ነው፣ በቁርባን መጋባት ይፈልጋሉ፣ ስለዚህ እሱ መጠመቅ አለበት፣ አዳራሹ ተከራይቷል፣ የአውሮፕላን ትኬቱ ተቆርጧል፣ ሁለት ሳምንት ቀርቷል። ከዚያ አንዱ ዘመድ ተነስቶ "ጃንደረባው እኮ በአንድ ቀን ነው የተጠመቀው" ይላል። እውነት ነው፣ ግን ሰውዬው ኢየሩሳሌም ሊሰግድ ሄዶ እየተመለሰ ነበር፣ ሰረገላው ላይ ሆኖ ኢሳይያስን ያነብ ነበር፣ ፊልጶስ ያገኘው ግማሽ መንገድ ላይ የደረሰ ሰው ነው እንጂ "ለሰርጌ ያስፈልገኛል" ያለ ሰው አይደለም። ቤተክርስቲያን እኮ ንዑሰ ክርስቲያን (ገና እየተማረ ያለ፣ ያልተጠመቀ) የሚል ደረጃ ያስቀመጠችው ለዚህ ነው፣ ዛሬም ቅዳሴው መሃል ዲያቆኑ "ፃኡ ንዑሰ ክርስቲያን"፣ ውጡ፣ እያለ ነው፣ እኛ ብቻ ነን ደረጃውን የረሳነው። ሰርጉ ይራዘም ብላችሁ ለመናገር ድፍረቱ ይኑራችሁ። የልጅቷ እናት ይቀየሟችኋል፣ እኔን አንድ እናት ለስምንት ወር ሰላም አላሉኝም፣ ኋላ ግን ታረቅን።

ሦስተኛው ዝርዝሩን አለመንገር ነው፣ እዚህ ጋ የራሴን ጉድ ላውራ። ከተመለስኩ በኋላ ነው፣ አንድ ጀርመን ሳለሁ በስልክ ጭምር ስምንት ወር ያስተማርኩት ልጅ፣ የሙሽሪት ቤተሰብ ደብረ ብርሃን ስለሆኑ እዚህ ይጠመቅ ተባለና በታኅሣሥ መጣ። ትምህርቱን ጨርሷል፣ ጸሎተ ሃይማኖትን በቃሉ ይወጣታል፣ እኔም ኮርቻለሁ። ጠዋት ገና ሳይነጋ ቤተክርስቲያን ግቢ ደረስን፣ ሳሩ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ቀሲስ እንዲሁ እግረ መንገዳቸውን "ከማታ ጀምሮ ምንም አልቀመሰም አይደል?" አሉኝ። ተረጎምኩለት። ልጁ ፈገግ ብሎ "ኧረ ቡና ብቻ ነው፣ ሆቴሉ በጣም ጥሩ ቡና አላቸው" አለ።

ተጠማቂ በዚያው ቀን እንደሚቆርብ፣ ለቁርባን ደግሞ 18 ሰዓት እንደሚጾም እኔ እንደ ውሃ የምጠጣው ነገር ነው፣ ልክ ለዚህ ነው ያልነገርኩት፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነው የመሰለኝ። ዘመድ ሁሉ ነጭ በነጭ ለብሶ ቆሟል፣ ካሜራ አለ፣ ድፎ ዳቦ ተጋግሯል። ቀሲስ አልተቆጡም፣ "በሉ ነገ" ብለው ገቡ። በማግስቱ ደግሞ ሁለተኛው ጉዴ መጣ፣ ውሃው ውስጥ እንደሚገባ እንጂ ቅያሬ ልብስ ያስፈልጋል አላልኩትም። ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ እዚህ የተከፈተው ዝም ብሎ አይመስለኝም። ልጁ ሦስት ጊዜ ገብቶ ሲወጣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ነበር፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። የሙሽሪት አያት ነበሩ የደረሱለት፣ የራሳቸውን የመንዝ በርኖስ አውልቀው "ና ልጄ፣ ና" እያሉ ጠቀለሉት።

ስለዚህ ፕሊስ ሁሉንም ነገር ከጥዋት እስከ ማታ እንደ ፊልም ተርኩለት። ስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ ከመቼ ጀምሮ ምንም እንደማይቀምስ፣ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን እንደሚክድ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ እምነቱን እንደሚመሰክር፣ ሦስት ጊዜ ውሃ ውስጥ እንደሚገባ፣ ከዚያ ቅብዓ ሜሮን፣ ከዚያ ቅዳሴ ቆሞ ቁርባን። ሴት ከሆነች ምን ለብሳ እንደምትገባ በእህቶች በኩል ቀድሞ ይነገራት፣ ያን ቀን ጠዋት ወንድ አስተማሪ እንዲያስረዳት አይደረግም። ፎጣና ደረቅ ልብስ በፌስታል ይያዝ።

ጠበልና ጥምቀትን ማምታታት ሌላው ነው፣ ጥፋቱ ደግሞ የቋንቋችን ነው። ሸንኮራ ዮሐንስ ሄደን ስንመጣ "ተጠመቅኩ" ነው የምንለው፣ ጻድቃኔ ማርያምም እንደዛው፣ በጥር 11 ውሃ ሲረጨንም ያው ጥምቀት ነው የምንለው። ሲተረጎም ሁሉም አንድ ቃል ይሆናል። አንዷ ተማሪዬ "አንቺ ክርስትና ስንት ጊዜ ተነሳሽ?" ብላ ጓደኛዋን ጠይቃ "ኧረ እኔማ በየክረምቱ ነው የምጠመቀው" ተብላ በጣም ግራ ገብቷት መጣች፣ ምክንያቱም እኔ "በአንዲት ጥምቀት እናምናለን" እያልኩ ሳስተምራት ነበር። የእግዚአብሔር ልጅ የምንሆንበት ጥምቀት አንዴ ነው፣ ጠበሉ ለፈውስና ለበረከት ነው፣ በጥር 11 ደግሞ የጌታን ጥምቀት እናከብራለን እንጂ እንደገና አንጠመቅም። ሦስቱን በሦስት የተለያየ ቃል ጥሯቸው።

ከሌላ ቤተክርስቲያን የመጣውን በራሳችሁ ሥልጣን "አንተ መጠመቅ አለብህ" ወይ "አንተ አያስፈልግህም" አትበሉት። ግብጽ፣ አርመን፣ ሶርያ፣ ህንድ፣ ኤርትራ እህት አብያተ ክርስቲያናት ናቸው፣ የነሱን አንደግምም። ከዚያ ውጪ ላለው ሰውዬው የት፣ እንዴት፣ በማን እንደተጠመቀ ጠይቃችሁ ለአስተዳዳሪው ወይ ለሊቀ ጳጳሱ አቅርቡ፣ አለቀ።

ሰውዬው ደስ እንዲለው ብሎ እውነቱን ማሳነስ፣ ይሄም አለ። እኔ ስለ ጾም ሲጠይቁኝ "ቀስ እያልክ ትደርሳለህ" እያልኩ አድበሰብስ ነበር፣ ሰባት አጽዋማት እንዳሉ የሰማው ከተጠመቀ በኋላ ከቤተክርስቲያን ሰዎች አፍ የሆነ ሰው አለ፣ እንደተታለለ ነው የተሰማው፣ አልፈርድበትም። እዚህ ላይ ኋላ የቤተክርስቲያናችን ሊቀ ጳጳስ የሆኑትን አቡነ ይስሐቅን አስታውሳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1970 ጃማይካ ሲላኩ ብዙ ራስታዎች ሊጠመቁ መጡ፣ አንዳንዶቹ ግን በንጉሡ፣ በኃይለ ሥላሴ ስም ካልሆነ አሉ። እሳቸው በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ነው ብለው ጸኑ፣ ሰው እንዳይሄድባቸው ብለው አላለሰለሱም፣ የሄደው ሄደ። ቦብ ማርሊ ብዙ አመት ቆይቶ በኛ አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1980) ነው የተጠመቀው፣ በዚያው አመት ግንቦት ላይ አረፈ። የክርስትና ስሙ ብርሃነ ሥላሴ ነው (የደብረ ብርሃን ሥላሴ ልጅ ይሄን ስም ሲሰማ ትንሽ እንደሚኮራ አልደብቅም)።

ስም ካነሳን፣ የክርስትና ስም ሲወጣ ትርጉሙን ንገሩት፣ ወልደ ጊዮርጊስ ተብሎ ምን እንደተባለ የማያውቅ ሰው አውቃለሁ።

ክርስትና አባት ደግሞ ውጭ አገር በጣም ይቀለዳል። ያን ቀን ቤተክርስቲያን የተገኘ ወንድ ሁሉ ክርስትና አባት ይሆናል፣ ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ከተማ ስራ አግኝቶ ይሄዳል፣ ስልኩም ይቀየራል። ወንዱን ወንድ፣ ሴቷን ሴት ነው የሚያነሳው፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል፣ ክርስትና ዝምድና መሆኑ ግን ይረሳል። ያ የቡናው ልጅ ጋ የሙሽሪት ወንድም ነበር "እኔ ክርስትና አባት እሆናለሁ" ብሎ ሱፍ ለብሶ የመጣው። ቀሲስ ናቸው ያስቆሙት፣ "ከክርስትና አባትህ ቤት ሚስት ልትወስድ ነው እንዴ?" ብለው፣ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔ ግን አፍሬ መሬት መሬት ነው ያየሁት፣ ይሄንንም ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። በስተመጨረሻ ከጎረቤት አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ቆሙለት፣ እሳቸው ቋንቋውን አይችሉም እሱም አማርኛው ያው ነው፣ ግን እስከዛሬ በየእሁዱ በቪዲዮ ይደዋወላሉ፣ ምን እንደሚባባሉ እንጃ።

እና የመጨረሻው ከጥምቀት በኋላ መጥፋት ነው። እስከ ቀኑ ድረስ በሳምንት ሁለቴ እንደውላለን፣ ፎቶው ከተነሳ በኋላ ቀጣዩ ተማሪ ጋ እንሄዳለን። ሰውዬው ግን ጥያቄው ገና የሚጀምረው ያኔ ነው፣ ንስሐ አባት እንዴት ይያዛል፣ ስራ ቦታ ጾም ላይ ነኝ ሲል ምን ይበላል፣ እናቱ ማተቡን አይታ ስታለቅስ ምን ብሎ ይመልስላት። ቢያንስ አንድ አመት ያዙት፣ ንስሐ አባቱን እዚያው አስተዋውቁት።

ያ ልጅ አሁንም ይጽፍልኛል፣ ባለፈው የላከልኝ ፎቶ ላይ በረዶ ውስጥ ቆሞ በርኖሱን ለብሶታል። ለአያትየው ባሳያቸው "ደግ አደረገ፣ ግን የኔን የሚመልሰው መቼ ነው?" አሉ።