የሰርቨሩን አድራሻ ኮድ ውስጥ አትጻፉት፤ አውትሉክን ጠይቁት

የሐምሌ መጀመሪያ በእኛ ቢሮ የጭንቅ ሰሞን ነው። የምሠራው በአንድ የሠራተኞች ቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ ነው። ሰኔ 30 ሒሳብ ይዘጋና ለ340 አባላት የዓመቱ መግለጫ በኢሜይል ይላካል። መግለጫውን የሚያዘጋጀውም የሚልከውም እኔ በአክሰስ የሠራሁት ዳታቤዝ ነው።

ባለፈው ዓመት ገንዘብ ያዣችን እትዬ እንደልማዳቸው "ላክ" የምትለዋን በተን ተጫኑ። "ልጄ፣ ይሄ ነገር እምቢ አለኝ እኮ!" ብለው ጠሩኝ። ስክሪኑ ላይ -2147220973 የሚል ቁጥር ወጥቷል። ፕሮግራሙ የኢሜይል ሰርቨሩን አንኳኩቶ የሚከፍትለት ሲያጣ የሚያወጣው ቁጥር ነው።

ለካ ኢሜይላችንን የሚያስተናግደው ድርጅት ሰርቨሩን ቀይሮ ኖሯል። ቴክኒሻን መጥቶ በአራቱም ኮምፒውተር ላይ ያለውን የኢሜይል ፕሮግራም፣ አውትሉክን፣ አስተካክሎ ሄዷል። እትዬ አውትሉክ ላይ ያለ ችግር ይጻጻፋሉ። የእኔ ዳታቤዝ ግን ኮዱ ውስጥ የተጻፈውን የድሮ አድራሻ ይዞ ቀርቷል። ትክክለኛው አድራሻ እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል፤ የጠየቀው የለም እንጂ።

ከዚያ ወዲህ የሰርቨር ስምና ፖርት (የሰርቨሩ መግቢያ በር ቁጥር) ኮድ ውስጥ አልጽፍም። ዳታቤዙ ሲከፈት ራሱ ያነባል። እንዴት እንደሆነ ላሳያችሁ። የትዕዛዞቹን ስም እንደሚነበቡ በፊደላችን እጽፋለሁ፤ ኮዱ ላይ የምትጽፏቸው ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።

መጀመሪያ ሁሉም ሰው የሚሞክረውን ልንገራችሁ። ከቪቢኤ (አክሰስ ውስጥ ኮድ ከምንጽፍበት ቋንቋ) አውትሉክን ትጠሩና "አካውንትስ" የሚለውን ዝርዝር ትከፍታላችሁ። ይህ ዝርዝር ከአውትሉክ 2007 ጀምሮ አለ። የአካውንቱን ስም፣ የኢሜይል አድራሻውን፣ ዓይነቱን ይሰጣችኋል። ዓይነቱ 0 ከሆነ ኤክስቼንጅ (የማይክሮሶፍት የራሱ የኢሜይል ሰርቨር) ነው፣ 1 አይማፕ፣ 2 ፖፕ3፤ ሁለቱ የተለመዱ የኢሜይል መቀበያ መንገዶች ናቸው። የኤስኤምቲፒ ሰርቨሩን፣ ማለትም መልእክት የሚልከውን ሰርቨር፣ ስም ግን አይሰጥም። ፖርቱንም አይሰጥም። ግማሽ ቀን ፈልጌ አጣሁት። እናንተ እዚያ ላይ ጊዜ አታጥፉ። ከዚህ ዝርዝር የሚጠቅማችሁ የአካውንቱ ዓይነት ብቻ ነው። 0 ከሆነ የሚነበብ የኤስኤምቲፒ ሰርቨር ስለሌለ፣ መልእክቱን በራሱ በአውትሉክ በኩል ላኩና ጣጣውን ተገላገሉ።

አይማፕ ወይም ፖፕ3 ከሆነ መልሱ ያለው ዊንዶውስ ሬጂስትሪ (ዊንዶውስ ቅንብሮችን የሚያስቀምጥበት መዝገብ) ውስጥ ነው። መንገዱ በኤችኪ ከረንት ዩዘር ሥር እንዲህ ይሄዳል፦ ሶፍትዌር፣ ማይክሮሶፍት፣ ኦፊስ፣ 16.0፣ አውትሉክ፣ ፕሮፋይልስ። 16.0 የአውትሉክ 2016 እና ከዚያ በኋላ የመጡት ነው። 2013 ከሆነ 15.0 ይሆናል። አክሰሱም አውትሉኩም የአንድ ኦፊስ ከሆኑ ቁጥሩን መገመት አያስፈልግም፤ የአክሰስ "አፕሊኬሽን ቨርዥን" ራሱ ይነግራችኋል። በአውትሉክ 2010 እና ከዚያ በፊት በነበሩት ግን ቦታው ሌላ ነው፤ "ዊንዶውስ ሜሴጂንግ ሰብሲስተም" በሚለው ሥር ፈልጉት።

ከፕሮፋይሉ ስም ቀጥሎ በ9375 የሚጀምርና በ6676 የሚያልቅ ባለ 32 ሆሄ ረጅም ስም ታገኛላችሁ። ሙሉውን በእጅ መጻፍ አያስፈልግም። ንዑስ ቁልፎቹን በኮድ ዘርዝሩና በ9375 የሚጀምረውን ያዙ። በእሱ ሥር 00000001፣ 00000002 እያሉ የሚሄዱ ክፍሎች አሉ። ሁሉም የኢሜይል አካውንት አይደሉም፤ የአድራሻ ደብተርም እዚያው ይቀመጣል። እኔ የምለየው "ኤስኤምቲፒ ሰርቨር" የሚል ቫልዩ (በስም የተቀመጠ መረጃ) ያለውን በመፈለግ ነው። ከሌለው አልፈዋለሁ።

አሁን ኮዱ። በቪቢኤ ውስጥ ያለው "ጌትሴቲንግ" እዚህ አይሠራም፤ የሚያነበው ለቪቢኤ ፕሮግራሞች የተመደበችውን አንዲት ጥግ ብቻ ነው። የስክሪፕት ሼሉ "ሬግሪድ"ም ንዑስ ቁልፎችን መዘርዘር አይችልም። የሚበጀው ዊንዶውስ ያለው "ስታንዳርድ ሬጂስትሪ ፕሮቫይደር" ነው። በ"ጌትኦብጀክት" ትጠሩታላችሁ፤ የሚገኘው በደብሊውኤምአይ (በዊንዶውስ የማስተዳደሪያ አገልግሎት) "ሩት ዲፎልት" ሥር ነው። ሦስት ነገር ብቻ ነው የምንፈልገው፦ ንዑስ ቁልፎችን የሚዘረዝረው "ኢነምኪ"፣ ጽሑፍ የሚያነበው "ጌትስትሪንግቫልዩ" እና ቁጥር የሚያነበው "ጌትዲወርድቫልዩ"።

እዚህ ላይ ሦስት ቦታ ተደናቅፌያለሁ።

አንደኛ፣ መልሱን የሚቀበለውን ተለዋዋጭ "ቫሪያንት" አድርጉት። "ስትሪንግ" ብላችሁ ከወሰናችሁት የታይፕ ስህተት ያመጣል።

ሁለተኛ፣ ንዑስ ቁልፍ ከሌለ "ኢነምኪ" ባዶ ዝርዝር ሳይሆን "ነል" ነው የሚመልሰው። ዙሩን ከመጀመራችሁ በፊት "ኢዝአሬይ" ብላችሁ አረጋግጡ። አለበለዚያ በአንዱ ኮምፒውተር ሠርቶ በሌላው ይሞታል።

ሦስተኛው ብዙ ያለፋኝ ነው። የሰርቨሩ ስም በአንዱ ኮምፒውተር ላይ በጽሑፍ ተቀምጧል፣ በአሮጌው ላይ ደግሞ በባይናሪ። "ጌትስትሪንግቫልዩ" ከተሳካለት 0 ይመልሳል። ሌላ ቁጥር ከመለሰ "ጌትባይናሪቫልዩ"ን ሞክሩ። ያኔ የሚመጣው የባይት ዝርዝር ነው፤ ለእያንዳንዱ ሆሄ ሁለት ሁለት ባይት። የመጀመሪያው ባይት 115 ከሆነ "ኤስ" ነው፣ ቀጥሎ 0 ይመጣል፣ ከዚያ 109 "ኤም"፣ እንደገና 0፣ እያለ ይሄዳል። የሰርቨር ስም የእንግሊዝኛ ሆሄ ስለሆነ በሁለት በሁለት እየዘለላችሁ የመጀመሪያውን ባይት ብቻ ውሰዱ። የምትወስዱት ባይት ራሱ 0 ሲሆን አቁሙ። ስሙ ተገጣጥሞ ይወጣል።

"ኤስኤምቲፒ ፖርት" የሚለው ቫልዩ አንዳንዴ ጭራሽ የለም። ከሌለ 25 ብላችሁ ያዙት።

ያገኛችሁትን አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ አስቀምጡ፦ የኢሜይል አድራሻ፣ ሰርቨር፣ ፖርት፣ የተነበበበት ቀን። ሠንጠረዡን ሁሉም በጋራ በሚጠቀሙበት የዳታ ፋይል ውስጥ አታድርጉት፤ በየሰው ኮምፒውተር ላይ ባለው የፎርሞች ፋይል ውስጥ ይሁን። የእትዬ አውትሉክ የእሳቸው ነው፣ የጸሐፊዋም የራሷ። በጋራ ፋይል ካደረጋችሁት አንዱ የሌላውን እየደመሰሰ ይውላል።

ፓስወርዱስ? እሱን ከሬጂስትሪ ለማውጣት አትሞክሩ። ዊንዶውስ በተጠቃሚው ስም መስጥሮ ነው ያስቀመጠው፤ እንዲያ መሆኑም ተገቢ ነው። እኔ በሚላክበት ሰዓት አንድ ጊዜ በትንሽ ፎርም እጠይቃለሁ፤ ዳታቤዙ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል። ሠንጠረዥ ውስጥ በግልጽ አላስቀምጠውም። የአክሰስ ፋይል በፍላሽ ተገልብጦ ስንት እጅ እንደሚዞር ሁላችንም እናውቃለን። የ340 ሰው ገንዘብ መረጃ ነው፤ ቀልድ የለውም። የጂሜይል አካውንት ከሆነ ደግሞ የተለመደው ፓስወርድ አይሠራም። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብርታችሁ፣ ጎግል የሚሰጣችሁን ባለ 16 ሆሄ የአፕ ፓስወርድ ነው የምታስገቡት።

ለመላኩ ሲዲኦ የሚባለውን የኢሜይል መላኪያ እጠቀማለሁ፤ ዊንዶውስ ውስጥ ያለ ስለሆነ የሚጫን ነገር የለውም። ሰርቨሩንና ፖርቱን ከሠንጠረዡ ትሰጡታላችሁ፣ "ሴንድዩዚንግ" 2 ይሁን፣ "ኤስኤምቲፒ ኦተንቲኬት" 1። አንድ ጠባይ አለው፦ ከመጀመሪያው ጀምሮ በተመሰጠረ መስመር መነጋገር ነው የሚሆንለት። 465 ላይ ይግባባል። 587 ላይ መጀመሪያ በግልጽ ሰላምታ ተለዋውጦ ከዚያ ወደ ምስጢር መዞር አይሆንለትም። አውትሉክ 587 የሚል ከሆነ አስተናጋጁ በ465ም እንደሚቀበል ጠይቁ። ለዚህ ብዬ ሠንጠረዡ ላይ "የተቀየረ ፖርት" የምትል አንዲት አምድ ጨምሬያለሁ። ቁጥር ከተሞላባት ከአውትሉክ የተነበበውን ትሽራለች።

አንዱ ኮምፒውተር ላይ በአውትሉክ ፈንታ ተንደርበርድ የሚባለው የኢሜይል ፕሮግራም ከሆነ ያለው፣ ሥራው በጣም ይቀላል። በፕሮፋይሉ ፎልደር ውስጥ "ፕሬፍስ" የሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል አለ። መስመር በመስመር አንብቡትና "ሜይል ዶት ኤስኤምቲፒሰርቨር" ከሚሉት ውስጥ "ሆስትኔም" እና "ፖርት" የሚሉትን ያዙ። በቃ።

አዲሱ አውትሉክ ግን ከቪቢኤ ጋር አይነጋገርም። ከዝማኔ በኋላ ሰዎች ሳያውቁት ወደ እሱ ተሻግረው አግኝቻለሁ። ዳታቤዛችሁ ድንገት አውትሉክን አላየሁም ካለ መጀመሪያ ይህን ተመልከቱ።

የመጨረሻው ጉዳይ አማርኛው ነው። የመልእክቱን ርዕስ "የዓመቱ ሒሳብ መግለጫ" ብዬ ኮዱ ላይ ስጽፍ የቪቢኤ መጻፊያው ወደ ጥያቄ ምልክት ቀየረው። አማርኛ አይዝም። የአክሰስ ሠንጠረዥ ግን በደንብ ይይዛል። ስለዚህ ርዕሱንም፣ ሰላምታውንም፣ መዝጊያውንም ሠንጠረዥ ውስጥ አስገብቼ ከዚያ እያነበብኩ እልካለሁ። የመልእክቱን "ቻርሴት" (የፊደል አጻጻፍ ኮድ) ደግሞ ዩቲኤፍ-8 አደረግሁት።

ለሙከራ የመጀመሪያውን መግለጫ ለራሳቸው ለእትዬ ላክሁ። መነጽራቸውን አድርገው ስልካቸውን ከፈቱ። ስማቸውን ከነአባታቸው፣ በአማርኛ፣ ጮክ ብለው አነበቡት። ከዚያ የቀሩትን 339 ላኩ።