ለየትኛው ብልሽት የትኛው ጥገና? አመራረጡ እንዴት ነው

ብዙ ፋብሪካ ውስጥ ጥገና ማለት በየሦስት ወሩ ሁሉንም ማሽን ፈትቶ መግጠም ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ደህና የሚሠራ ማሽን በተፈታ ቁጥር ቆሻሻ ይገባል፣ ብሎን ይላላል፣ ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ቤሪንግ) ተጣሞ ይገጠማል። ኖውላንና ሂፕ የተባሉ የዩናይትድ አየር መንገድ ባለሙያዎች በ1978 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሪፖርት፣ ካጠኗቸው የአውሮፕላን ዕቃዎች 89 በመቶ ያህሉን የዕድሜ ገደብ አውጥቶ መለወጥ ፋይዳ እንደሌለው አሳይተዋል። ቁጥሩ ለእናንተ ፋብሪካ በቀጥታ ባይሆንም ጥያቄው ይሠራል፦ ይህ ዕቃ በእርግጥ በዕድሜ ነው የሚበላሸው?

1. ማሽኖቹን ዘርዝሩ። ይህኛው ቢቆም ሰው ይጎዳል? ምርት ይቆማል? ሁለቱም ካልሆነና ጥገናው ርካሽ ከሆነ እስኪበላሽ ተዉት። መለዋወጫው ብቻ መደርደሪያ ላይ ይኑር።

2. ለቀሩት፣ ስልቱን ለማሽኑ ሳይሆን ለብልሽቱ ምረጡ። አንዱ ማሽን ላይ ማጣሪያው በሰዓት ተቆጥሮ ይለወጣል፣ ኩሽኔታው ክትትል ይፈልጋል፣ የመቆጣጠሪያው ካርድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምልክት ሳይሰጥ ስለሚቃጠል ትርፍ ካርድ ከመያዝ ሌላ አማራጭ የለም።

3. ከባዱ እዚህ ጋ ነው፦ ክትትል የሚፈልገው ዕቃ በስንት ጊዜ ይታይ? "ዋና ማሽን ስለሆነ ቶሎ ቶሎ" ይባላል። የሚወስነው ግን የብልሽት ምልክት ከታየ በኋላ ዕቃው እስኪቆም ያለው ጊዜ ነው። ኩሽኔታ ሲጎዳ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ንዝረቱ ይጨምራል፣ ቆይቶ ይጮኻል፣ ከዚያ ይግላል፣ በመጨረሻ ነክሶ መሽከርከር ያቆማል። በእጅ ዳስሶ "ሞቋል" ማለት በጣም የዘገየ ነው፤ ቀላል የንዝረት መለኪያ ግዙ፣ የምትለኩበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ጭነት ለኩ።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ንዝረት እስከ መቆም 8 ሳምንት አለ እንበል። በየ3 ወሩ ብትለኩ ብልሽቱ በመሃል ሊያመልጣችሁ ይችላል። በየ4 ሳምንቱ ከሆነ ቢያንስ 4 ሳምንት ይተርፋችኋል። ኩሽኔታው ታዝዞ እስኪመጣ 6 ሳምንት የሚፈጅ ከሆነስ? ወይ በየ2 ሳምንቱ ለኩ፣ ወይ አስቀድማችሁ ግዙት። ይህን ሒሳብ ሳይሠሩ ውድ መሣሪያ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

4. ተጠባባቂ ፓምፕና ሴፍቲ ቫልቭ (ግፊት ሲበዛ ተከፍቶ የሚያስተነፍሰው) ሥራ ላይ ስላልሆኑ መበላሸታቸው አይታይም። ለእነሱ በፕሮግራም መሞከር ነው። ፓምፑን ደግሞ አስነስታችሁ ወዲያው አታጥፉት፤ ጭነት ተሸክሞ ትንሽ ይሥራ፣ ግፊቱንም መለኪያው ላይ እዩት።