አንድ ጣት አንገት ላይ፦ የልብ ድምፅ አሰማም

ተማሪ ሳለሁ ስቴቶስኮፑን ጆሮዬ ውስጥ ገልብጬ ከትቼ ሁለት ታካሚ አዳምጫለሁ። «ልባቸው ደህና ነው» ብዬም ጽፌያለሁ! አስተማሪያችን ሳቁን ዋጥ አድርጎ ጫፎቹን ወደ አፍንጫዬ አዞረልኝ። የጆሮ ቀዳዳ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ማዳመጫው ሲገለበጥ ድምፁ ይታፈናል።

እናንተም ከዚያው ጀምሩ። ክፍሉ ጸጥ ይበል። በልብስ ላይ አታዳምጡ፤ ጨርቅ ሲፋተግ የሌለ በሽታ ያሰማል።

ልብ «ለብ ደብ» ይላል። በልብ ውስጥ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉ አራት በሮች አሉ፣ ቫልቭ እንላቸዋለን። «ለብ» ሚትራልና ትራይከስፒድ የሚባሉት ቫልቮች ሲዘጉ ነው፤ «ደብ» አኦርቲክና ፑልሞናሪ የሚባሉት ሲዘጉ። ከ«ለብ» እስከ «ደብ» ያለው ፋታ አጭር ነው፣ ከ«ደብ» በኋላ ያለው ረዘም ይላል። ልብ ሲፈጥን ግን ሁለቱ ፋታዎች ይቀራረቡና ጉድ ይፈላል። ያኔ ጣታችሁን አንገት ላይ፣ በአንድ ጎን ብቻ፣ ቀስ አድርጋችሁ አሳርፉ። ከትርታው ጋር የሚገጥመው «ለብ» ነው። እኔ ዛሬም ያለ ጣቴ አላምንም።

ጀማሪ ሁሉንም ባንዴ መስማት ይፈልጋል። አይሆንም። መጀመሪያ «ለብ»ን ብቻ ስሙ፣ ሌላውን እርሱት። ቀጥሎ «ደብ»ን። ከደረት አጥንት በስተግራ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ጎድን መሃል አዳምጡ፤ ወጣት ሰው አየር ሲስብ «ደብ» ለሁለት ተሰንጥቃ «ደርብ» ትላለች። ወደ ቀኝ ልብ የሚገባው ደም ስለሚበዛ ፑልሞናሪ ቫልቭ ዘግየት ብሎ ይዘጋል። ጤና ነው።

ከዚያ ፋታዎቹን ስሙ። መርመር የምንለው «ሽው» ከ«ለብ» በኋላ ከመጣ ጤነኛ ልጅ ላይም ሊሰማ ይችላል። ከ«ደብ» በኋላ ከሆነ ግን ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ የልብ አልትራሳውንድ ይታዘዝ።

የጠበበ ሚትራል ቫልቭ ድምፅ ወፍራምና ዝቅ ያለ ነው። ታካሚውን በግራ ጎኑ አስተኙና የስቴቶስኮፑን ራስ ትንሹን ጎን፣ ቤሉን፣ የልብ ጫፍ በሚመታበት ቦታ ላይ ሳትጫኑ አስቀምጡ። ከተጫናችሁት ቆዳው ይወጠርና ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። እኔ ተጭኜ «የለም» ያልኩትን ጓደኛዬ እጄን ትንሽ ከፍ አድርጋ አሰማችኝ።

የሚያፈስ አኦርቲክ ቫልቭ ድምፅ ደግሞ ቀጭን ነው፣ እንደ ትንፋሽ። ታካሚው ቁጭ ብሎ ወደ ፊት ያጎንብስ፣ አየሩን ያስወጣና ይያዝ። በሰፊው ጎን፣ ጫን ብላችሁ፣ ከደረት አጥንት በግራ በኩል አዳምጡ። እናንተም አብራችሁ ትንፋሻችሁን ያዙ፤ እናንተን ሲጨንቃችሁ እሱንም ጨንቆታል፣ «ተንፍስ» በሉት።